የእትዬ ደብሪቱ እሺታ

"ይለኮስ!" አልኩ። አስካለና ጥሩነሽም በየተራ "ይለኮስ!" አሉ። ምድጃው ግን ወይ ፍንክች!

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ የሸክላ ሠሪዎች ማኅበር አለቃ የለውም። ሁሉም አባላት በገዛ ድምፃቸው ካልፈቀዱ ምንም እሳት አይነድም፤ የቤታችን ምድጃ እንኳ። አራተኛዋ አባል እትዬ ደብሪቱ ከሞቱ ወር አለፋቸው። ያበጃጀናቸው እንስራዎች ሳይተኮሱ ተሰነጣጠቁ። ልጆቼ ትኩስ ነገር ከቀመሱ ቆዩ።

"ኧረ በሕግ አምላክ!" ብዬ ምድጃው ላይ ጮህኩበት። "ሴትዮዋ ሞተዋል! ስማቸውን ሰርዝልን!"

"እሺ፣ ደስ ይለኛል" አለ ምድጃው በዚያ ለስላሳ ድምፁ። "አባል የሚሰረዘው ሁሉም ሲስማሙ ነው። የሦስታችሁን ሰምቻለሁ። አሁን የእትዬ ደብሪቱን እየጠበቅኩ ነው።"

ጥሩነሽ በቀዝቃዛ ውሃ በሶ መበጥበጥ ጀመረች።