የሚጮኸው ኬብል

እህቱ ከፑኝዶ ደውላ «እናታችን ወደ ጌታ ሄደች» ስትለው፣ ኦሉም «እሺ» ብሎ ዘጋና ወደ ኔትወርክ ስዊቹ ተመለሰ። እንባ እንኳ አልመጣለትም። ባልደረባው ፌበን ፎቅ ላይ ሆና ከየቢሮው የኔትወርክ ሶኬት በኬብሉ በኩል የድምፅ ምልክት ትልክ ነበር፤ እሱ ታች ሆኖ የኬብል መፈለጊያ መሣሪያውን ጫፍ ኬብሎቹ ላይ እያስነካ፣ በሚያስጮኸው ኬብል የትኛው ከየትኛው ቢሮ እንደመጣ ይለያል።

«ላክሁ፤ ተሰማህ?» አለችው በስልክ።

«ምንም አልተሰማኝም።»

መሣሪያው እጁ ላይ ይጮህ ነበር።

«እኔ እንኳ በስልኩ እየሰማሁት! ኦሉም፣ ምን ሆነሃል?»

«እናቴ ሞተች» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የሌላ ሰው መርዶ መሰለው።

ፌበን ደረጃውን በሩጫ ስትወርድ በስልኩ ሰማት፤ ያኔ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።