በሩን ያለመክፈት ልምምድ

ወረርሽኙ ቢሮውን ካስዘጋው ወዲህ የሥነ ልቦና አማካሪዋ ሥራዋን መኝታ ቤት አስገብታለች። የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን ዘርግታ የሰው ጭንቀት በስልክ ስትሰማ ትውላለች። ሦስት ታካሚዎች «በስልክማ ምን ሕክምና አለ» ብለው ጥለዋት ሄደዋል። አራተኛው ከሄደ ከሥራው እንደሚያነሳት አለቃዋ ቁርጡን ነግሯታል።

አራተኛው ጡረታ የወጣ ሰዓት ሠሪ ነው። እሁድ ዕለት ተዋወቁ።

«ባለቤቴን ይሄ በሽታ ይዟት ከሰው ተለይታለች» አላት።

አማካሪዋ ፎርሙ ላይ «ባለቤት፦ ለይቶ ማቆያ» ብላ ሞላችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

«እርስዎን የሚያስጨንቅዎት ምንድን ነው አባባ?»

«በር ይንኳኳል ልጄ። ውሃ፣ ውሃ ይላል። ልክፈት ስል በሽታው ገብቶ ድፍት ሲያደርገኝ ይታየኛል። መልሼ እቀመጣለሁ።»

የኔ ቢጤ እንዳይሆን ብላ ትንሽ አመነታች። «ጎረቤትስ ይሰማዋል?»

«ጎረቤቶቼ ቤታቸውን ዘግተው ከሄዱ ወር አልፏቸዋል።»

ከሱ በቀር የሰማ የለም ማለት ነው። ደግሞ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ እጃችሁን ታጠቡ እያለ ሲጮህ ይውላል፤ የፈራ ጆሮ ውሃ ውሃ ቢሰማ ምን ይገርማል? አማካሪዋ በራሷ ብልህነት ፈገግ አለች።

«ሲንኳኳ እንዳይነሱ። ሰዓትዎን ይዘው ይቁጠሩ፣ ፍርሃትዎንም ከመቶ ነጥብ ይስጡት። ጭንቀት ካልታዘዙት ወጥቶ ወጥቶ በራሱ ይወርዳል።»

«ሰው ቢሆንስ?»

«ሐሳብ ማስረጃ አይደለም አባባ።»

ሰኞ ጠዋት ደወለ። አርባ ጊዜ ተንኳኳ፤ ፍርሃቱ ዘጠና አምስት። አንዴማ ተሸንፎ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ነበር። አማካሪዋ ተቆጣችው። እንዲህ ከሆነ ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ አለችው። ሽማግሌው እንደ ተማሪ ይቅርታ ጠየቃት።

ማክሰኞ አሥራ ሰባት ጊዜ፤ ፍርሃቱ ስድሳ። ሰውዬው አለቀሰ። «አንጀቴን በላው ልጄ።»

«ጭንቀቱ ነው የሚለማመጥዎት። ጆሮ አይስጡት።»

ረቡዕ ሦስት ጊዜ፣ እሱም በጥፍር የሚጫር ያህል። ፍርሃቱ ሃያ። አማካሪዋ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ ሰንጠረዡን ለአለቃዋ ላከች። አለቃዋም «ጎበዝ» ብሎ መለሰላት፣ ከእሱ አፍ ወጥቶ የማያውቅ ቃል።

ሐሙስ ድምፁ ተለውጦ ነበር። የተረጋጋ፣ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ድምፅ።

«ዛሬስ?»

«ዝም ብሏል። ፍርሃቴም ዜሮ። እንዳልሽው በራሱ ቆመ፤ ተባረኪ ልጄ።»

እልልታው አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ድኗል» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ አባባ?»

«አንድ ነገር ብቻ፦ የጓዳውን በር ከፍቶ ባለቤቴን የሚያወጣልኝ ሰው ለማግኘት የት ነው የምደውለው?»