ለቅዳሜ የተመረጠው ዘንግ

አዶኒያስ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ዓሣን የሚያውቀው ሳህን ላይ ነው። ሆኖም አርብ ከሰዓት ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት አስፈቅዶ ወጣና አዳማ ውስጥ የማጥመጃ ዕቃ ይሸጣል ወደተባለው ወደ ኪሩ ሱቅ ሄደ።

ነገሩ የሃዊ አባት ጉዳይ ነው። ከሃዊ ጋር ለመጋባት ከተስማሙ መንፈቅ አልፏቸዋል፤ ሽማግሌ መላክ ግን ፈርቷል። አባቷን አቶ ነጋሳን ያገኛቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መቂ ቤታቸው ምሳ ተጋብዞ። ያን ዕለት "ብላ እንጂ"፣ "በላሁ፣ ይመስገን" ከመባባል ያለፈ ቃል ሳይለዋወጡ ተለያዩ። አቶ ነጋሳ አዳሚ ቱሉ በእርሻ ምርምር ሠላሳ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ እንግዳ ሲመጣ ዓይናቸውን ከሳህናቸው የማያነሱ ሰው ናቸው። አዶኒያስም ከሳቸው አይሻልም።

"አባትሽ አልወደዱኝም" አላት ሃዊን።

"አባዬ ዝምተኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ዓሣ ሲያጠምድ ግን ሌላ ሰው ነው። ቅዳሜ ዝዋይ ሐይቅ ዳር አብራችሁ ትውላላችሁ፤ ነግሬዋለሁ።"

"እኔ እኮ ማጥመድ አልችልም።"

"እሱ ይህን በምን ያውቃል?" ብላው ወደ ሥራዋ ሄደች።

ባለሱቁ ኪሩ ከኳሶችና ከመዋኛ መነጽሮች ጀርባ የማጥመጃ ዘንጎቹን አወጣ። "ለየትኛው ዓሣ ነው?"

"ለ... ለሁሉም።"

ኪሩ ፈገግታውን ለመደበቅ ጎንበስ አለ። አዶኒያስ ወፍራሙን አነሳ። አማች የሚሆን ሰው የሚይዘው እንዲህ ያለውን ይመስለዋል።

"እሱ ለትልልቅ አምባዛ ነው" አለ ኪሩ። "በሱ ዓሣ ማታለያውን የላስቲክ ትል ብትወረውር እግርህ ሥር ነው የሚወድቀው፤ ትሉ ክብደት የለውም።" ቀጭኑን አቀበለው። "ይኼ ስድስት ጫማ ተኩል ነው። ፈረንጆቹ ባስ ለሚሉት፣ ካላባበሉት አፉን ለማይከፍት ዓሣ የሠሩት ነው። እኛም ጋ ይሠራል። ጫፉን ንካው።"

ጫፉ እንደ ሣር ተወዛወዘ።

"ይኼማ ይሰበራል።"

"አይሰበርም። ጫፉ ነው የሚታጠፈው፤ ወገቡን እየው፣ ደንዳና ነው። ዓሣ የላስቲክ ትል ሲያገኝ ዘሎ አይውጥም፣ ይቀምሳል። ያቺን ቅምሻ እጅህ ድረስ የሚያመጣልህ ለስላሳው ጫፍ ነው። ከነከሰ በኋላ የማይለቀው ደግሞ ወገቡ። ክሩን የሚጠቀልለው ማጠንጠኛ ከታች ነው የሚንጠለጠለው፤ ከላይ እንዳታደርገው። ውሃው ከደፈረሰ ጠቆር ያለውን ትል ስካ።"

አዶኒያስ ሁሉንም ስልኩ ላይ ጻፈ። ኪሩ ዘንጉን እየጠቀለለ "ዓመቱን ሙሉ ቀጭን የጠየቀኝ የለም፤ በዚህ ሳምንት አንተ ሁለተኛ ነህ" አለ። አዶኒያስ ግን አልሰማውም። ልቡ ቀድሞት ሐይቁ ዳር ደርሷል።

ቅዳሜ ጠዋት ሲደርስ አቶ ነጋሳ ዳርቻው ላይ ቆመው አገኛቸው። የዘንጋቸው እጀታ የታሸገበት ፕላስቲክ አልተላጠም። ዕቃ አያያዝ የሚያውቁ ሰው ናቸው ሲል አሰበ።

"አካም ቡልቴ?" አሉት።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። እንዴት አደሩ?"

"ደህና።" የትሎቹን ሣጥን ከፍተው፣ "በየትኛው ትል ብንጀምር ይሻላል ትላለህ?"

ፈተናው ተጀመረ። "ውሃው ስለደፈረሰ ጠቆር ያለው ይሻላል" አለ፣ ድምፁን አወፍሮ። አቶ ነጋሳ ራሳቸውን ነቅንቀው ጥቁሩን ሰኩ።

"በል አንተ ቅደም።"

ወረወረ። ትሉ በቀጥታ ዳር ላይ የበቀለው ፊላ ውስጥ ገባ። አቶ ነጋሳም ወረወሩ፤ የሳቸውም እዚያው ፊላ ውስጥ ገባ። እንዳላፍር ብለው ነው አለ በልቡ። ቀና ሲል ደግሞ ማጠንጠኛቸው ከላይ ሆኗል። ስህተቱን ማየት አለማየቱን እየመረመሩት መሰለው። የራሱን ዘንግ ከፍ አድርጎ አሳየ። አቶ ነጋሳ አይተው ቀስ ብለው ገለበጡት።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አልነካቸውም። ዓይን ለዓይን መተያየት ስለሌለ ይሁን ምን እንጃ፣ ወሬው በራሱ መጣ። አቶ ነጋሳ ዘጠኝ ዓመት የለፉበት የሽንኩርት ዘር በመጨረሻ እንዴት እንደከሸፈባቸው አጫወቱት። ይህን ለማንም አውርተው እንደማያውቁ ተናገሩ። አዶኒያስ ደግሞ አባቱ በልጅነቱ እንደሞቱበት፣ ትልቅ ሰው ፊት አፉ የሚተሳሰረው ለዚህ ሳይሆን እንደማይቀር ነገራቸው። አቶ ነጋሳ ከያዙት ዳቦ ትልቁን ገምሰው ሰጡት።

ከዚያ የአዶኒያስ ዘንግ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተነቀነቀ። አጠነጠነ። መዳፍ የምታህል፣ ቆሮሶ የሚሏት ዓሣ ድንጋዩ ላይ ወጥታ መንጠቆው ተነቀለላት። ሁለቱም ቆመው ተመለከቷት። ማንም እጁን አልዘረጋም። እሷም ሁለቴ ተገላብጣ ውሃዋ ውስጥ ገባች።

"ትንሽ ነበረች" አሉ አቶ ነጋሳ በቁም ነገር። "በመልቀቅህ ደግ አደረግህ።"

"እኔም ያን ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ መንገዱ ሲወጡ አቶ ነጋሳ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጠየቁት፦ "ሽማግሌዎችህ መቼ ነው የሚመጡት?"

"ከፈቀዱልን በሁለት ሳምንት ውስጥ።"

"ይምጡ።"

አዶኒያስ ጥቂት እንደተራመደ ደስታው ከበደው። እንዲህ ያሉ ሰው እየዋሸ ቤታቸው ሊገባ አልፈለገም። ቆመ።

"ጋሼ፣ ስለ ማጥመዱ ነገር አንድ የምነግርዎት ነበረኝ።"

"ቆይ፣ እኔ ልቅደም፤ ሃዊ 'አዶኒያስ ከዓሣ ማጥመድ ሌላ ወሬ አያውቅም' ብላኝ ሐሙስ ዘንግ እስክገዛ ድረስ፣ መንጠቆ የሚባል ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም።"