ሁለተኛዋ መስመር

ሁለተኛዋ መስመር ብቅ ስትል ሽማግሌው የላብራቶሪ ባለሙያ መነጽሩን አውልቆ በጋውኑ ጠረገና እንደገና አየ። መስመሯ አልጠፋችም። የለጋሾችን ደም ለሄፓታይተስ ቢ ከመመርመሩ በፊት፣ አዲስ የከፈተውን የመመርመሪያ ሳጥን ሁሉ በራሱ ደም መሞከር የቆየ ልማዱ ነበር። አንድ መስመር ከወጣ ደሙ ንጹሕ ነው፤ ሁለት ከወጣ በሽታው አለበት። የእሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

"ምነው ጋሼ፣ ሎተሪ ወጣልዎት እንዴ?" አለች ረዳቱ ከማዶ እየሳቀች።

"ሳጥኑ ተበላሽቷል" አላት። ድምፁ ለራሱም አላማረውም።

ሳቋን ዋጥ አድርጋ መጣች። መመርመሪያውን አየች፤ እሱንም አየች። ከዚያ የራሷን ጣት ወጋችና ከዚያው ሳጥን ባወጣችው ሌላ መመርመሪያ ላይ አንድ ጠብታ ጣለች። ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነበረባቸው። በልቡ "ሁለት ይውጣ፣ ሁለት ይውጣ" እያለ ሲለምን ቆይቶ፣ በማን ደም ላይ እንደሚለምን ትዝ ሲለው አፈረ። ሳጥኑ ደኅና ከሆነ ግን የተበላሸው እሱ ነው።

አንድ ብቻ ወጣ።

"ሌላ እንሞክራለን ጋሼ። በአንድ ጊዜ አይፈረድም" አለች ቀስ ብላ። ሳያውቀው ሲጨምቀው የቆየው ጣቱ እንደገና ደም ማቅረሩን አይታ ጥጥ አነሳችና፣ አሁን የተወጋውን ባዶ እጇን ዘረጋችለት።

እጁን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ከግድግዳው ተለጠፈ።

"መጀመሪያ ጓንት አድርጊ፣ ልጄ።"