«ግባ» ሳይባል

ዘፈኑ ስለ አንድ ቫምፓየር ነው፤ የዘሩን ወግ ስለጣሰ ደም መጣጭ።

«አያቶቼ ደጅ ቆመው፣ ‘ግባ’ መባል ሲጠብቁ፣
እኔ ከቤት ተቀምጫለሁ፣ ባለቤቶቹ ሳያውቁ።»

ድምፅ ቀጂው ግጥሙን ገና ሲሰማው አልወደደውም። ታናሽ እህቱ ግን ይሄንን ካልዘፈንኩ ብላ ሙጭጭ አለች። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ያለችው እሷ ብቻ ናት። እሺ አላት።

ቀረጻው በተጀመረ ዕለት ስቱዲዮው ሲደርስ ኪቦርድ ተጫዋቹ ቀድመው ገብተው ጣቶቻቸውን ሲያፍታቱ አገኛቸው። ሸምገል ያሉ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። እህቴ ሰው መምረጥ ታውቅበታለች አለ በሆዱ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ጋሼ ይሏቸው ጀመር።

ያላማረው ገጣሚው ነው። ከሲታ፣ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ ሰው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለት እንኳ ደፉ ላይ ይገተራል።

«ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ» ካላሉት ንቅንቅ የለም። ሻይ ሲቀርብለትም እስኪቀዘቅዝ ያየዋል እንጂ አይቀምስም።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ከሰውነት ወጣች። ፊቷ ገረጣ፤ ከፍ ያለው ዜማ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ይከዳታል። ጋሼ አንጀታቸው አልችል አለ። «ጉሮሮሽን ብርድ እንዳይመታሽ፣ የኔ ልጅ» እያሉ ሻሿን አንገቷ ላይ ይጠመጥሙላታል። መስኮት በሌላት ጠባብ የልምምድ ክፍል ውስጥም አብረዋት ይውላሉ። መቼም ሥራ የሚስማማው ሰው አለ፤ የእሳቸው ፊት ከቀን ወደ ቀን ይወዛል።

አንድ ቀን ልጅቷ ማይክሮፎኑ ስር ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ቀጂው ገጣሚውን በኮሌታው ይዞ ወደ በሩ ገፋው።

«እህቴን ምን አድርገሃት ነው? ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ።»

ገጣሚው ደጅ ቆሞ መነጽሩን አስተካከለ።

«እኔ ግባ ካልተባልኩ አልገባም» አለ ቀስ ብሎ። «ዘፈኑ ስለ እኔ አይደለም።»

ቀጂው በሩን ጠርቅሞ ከውስጥ ቆለፈው። እፎይ አለ። ከልምምድ ክፍሉ ኪቦርዱ ያንኑ ዜማ ቀስ እያለ ይጫወታል።

እህቱን ደግፎ ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«አይዞሽ፣ አለፈ። እንኳንም ጋሼን ይዘሽልኝ መጣሽ። እሳቸው ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?»

እህቱ ቀና ብላ አየችው።

«እኔ? አንተ የጠራሃቸው መስሎኝ።»