የተውሶ ልጅ

ልጄን ከፊልም ሠሪዎች ጋር የሚያገናኝ ሐቀኛ ኤጀንት መፈለግ ከጀመርኩ ወዲህ የከተማው ሰው ሁሉ ውሸታም መሰለኝ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። የጎረቤቴን ልጅ ትርሲትን ተዋስኩና «ልጄ ናት» እያልኩ በየቢሮው አዞርኳት። ትርሲት ተውኚ ስትባል እንደ ግንድ ድርቅ ትላለች፤ ጭራሽ አፍንጫዋን ትጎረጉራለች። ኤጀንቶቹ ግን «ተአምር ናት! ዛሬውኑ እንመዝግባት!» ይሉኛል።

በመጨረሻ አንድ መላጣ ወጣት ኤጀንት ትወናዋን አይቶ ሲያበቃ፣ «እትዬ፣ ይህንን ጥሩ ነው የሚልዎት ሰው ሌባ ነው» አለኝ።

ትርሲት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ በደስታ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

«አንተን ነበር ስፈልግ የኖርኩት! ይቺ እኮ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ልፈትንህ ነው ያመጣኋት። የኔዋን ነገ አመጣለሁ» አልኩት።

«የእርስዎ እንዳልሆነችማ አውቃለሁ። ከሌሎች እናቶች ጋርም እዚህ መጥታለች። ከአንዷ ጋር ስትመጣ ተንተባተበች፣ ከሌላዋ ጋር ስትመጣ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ዛሬ ደግሞ ግንድ ሆነች። ሁሉንም ጊዜ የምሯን መስሎኝ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «ነገ እናትሽን ይዘሽ ነይ፤ የወለደችሽን» አላት።

ትርሲት ለቅሶዋን ቀጥ አደረገችና፣ «ስንት ሰዓት?» አለች።