የሚደግመው ድምፅ

በባቡር መቆጣጠሪያ ክፍሉ ደንብ መሠረት አንዱ ተቆጣጣሪ ሰሌዳውን በጣቱ እየጠቆመ ትእዛዙን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ጓደኛው ቃል በቃል ይደግማል። ለኩዙሚ ይደግምለት የነበረው ሃማጂ ከሞተ ወዲህ በቦታው ሰው አልተቀጠረም። እሱ ግን አፉ ለምዶበት "ሁለተኛው ሐዲድ ነፃ ነው!" ይልና ባዶውን ወንበር ትንሽ ይጠብቀዋል። ሐዘን የሚባል አልተሰማውም። በቀብሩ ዕለት እንኳ ሲያስብ የዋለው ስለ ማግስቱ ባቡር ነበር።

ሾፌሯ ቶኮሮ በሬዲዮ ትቀልድበታለች።

"ጋሼ ኩዙሚ፣ ያ አዲሱ ጓደኛዎ ድምፁ ሲያምር! ሚስት አለው?"

"የምን ጓደኛ? ብቻዬን ነኝ እኮ።"

"ይደብቁታ! እንዳልጠልፈው ፈርተው ነው?"

ልጅቷ ያው ቀልደኛ ናት ብሎ ተዋት።

ዛሬ ጠዋት ጉንፋን ድምፁን ዘግቶታል። የሐዲዱ የምልክት መብራት ስለተበላሸ ባቡር የሚነሳው በቃል ትእዛዝ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሐዲድ ላይ የጥገና ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ብሎን ያጠብቃሉ። ኩዙሚ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭኖ ጣቢያው ላይ የቆመችውን ቶኮሮን "ጠብቂ" ሊላት አፉን ከፈተ፤ ከትንፋሽ በቀር የወጣ ነገር የለም።

አልደነገጠም። እሱ ካላዘዛት አትነሳም። ቁልፉን ለቀቀና ለቁርስ የያዘውን ድብልብል ሩዝ ከላስቲኩ አውጥቶ ገመጠ።

አፉ እንደሞላ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

"እሺ ጋሼ፣ ሁለተኛው ሐዲድ ነፃ ነው፤ ተነሥቻለሁ። ዛሬስ ሁለታችሁንም ጥርት አድርጌ ሰማኋችሁ።"